ሟች የሌለው ለቅሶ

ጨረቃ ላይ ዝናብ አይዘንብም። ነጭ አምባ ደግሞ ከበረዶው ቋጥኝ ሥር የተፈለፈለች የዋሻ ከተማ ስለሆነች ፀሐይ እንኳ አታገኛትም። እንዲያም ሆኖ ሰው ሲሞት ድንኳን ይተከላል። በመተላለፊያው ውስጥ፣ ጣሪያ ሥር፣ ሸራው ከዋሻው ግድግዳ ጋር እየተጋፋ ይተከላል። ለምን ብሎ የጠየቀ የለም። ድንኳን የሌለው ለቅሶ ምኑ ለቅሶ ነው?

የዚያን ቀን ጠዋት የእድሩ ጡሩምባ ሲነፋ ወንድይፍራው አልጋው ላይ ነበር። በረዶ ቆራጮቹ ሥራ ከገቡ ቆይተዋል፤ እሱ ግን ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ እንደተጋደመ ነው። እንቅልፍም አልነበረም። ልነሳ ይላል፣ እግሩ እሺ አይለውም፤ ትንሽ ቆይቼ ይላል፣ ያም ትንሽ አያልቅም። ጡሩምባውን ሲሰማ "የማን ቤት ይሆን?" ብሎ አሰበና ለዚያ ለማያውቀው ሰው አዘነ። ከዚያ በበሩ ሥር ወይን ጠጅ ብርሃን እየሰረገ ሲገባ አየ። የሐዘን መብራት የበራው የራሱ በር ላይ ነበር።

ክው አለ። ያ ጡሩምባ በስህተት እንደማይነፋ ከማንም በላይ የሚያውቀው እሱ ነው፤ የነጭ አምባ የአድማጮች ጠጋኝ ነውና። አድማጭ የሚሉት ከየቤቱ በር በላይ የተለጠፈ፣ የሻይ ሳህን የሚያክል መሣሪያ ነው። ወሬ አይለቅምም፤ ቃል ቢነግሩትም አይገባውም። የሚሰማው ትንፋሽን፣ እርምጃን፣ የውሃ ቧንቧ ተከፍቶ መዘጋትን፣ ሰው ከአልጋው ሲነሳ እንዴት አድርጎ እንደሚነሳ ነው። ሐዘን የገባበትን ቤት ካገኘ መብራቱን አብርቶ ጡሩምባውን ይነፋል። እድሩ ይህን ያሠራው አፍሮ ነው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት አንድ ሰው ሚስቱ ምድር ላይ መሞቷን ሰምቶ፣ ወፍራሙ ግድግዳ እሪታውን ሳያሳልፍለት፣ ብቻውን ሲያለቅስ ከርሞ ተገኘ። ለካ ጎረቤት እያለውም ሰው ጎረቤት ሊያጣ ይችላል።

ወንድይፍራው ሱሪውን አጥልቆ በሩን ሲከፍት መተላለፊያው በሰው ተሞልቷል። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለብሰዋል። ወንዶቹ የድንኳኑን ብረት ተሸክመው መጥተዋል። ከፊት የቆሙት የእድሩ ዳኛ ጋሽ አጥናፉ ናቸው፤ ዕድሜያቸውን በረዶ ሲቆርጡ ኖረው በቅርቡ ጡረታ የወጡ፣ ድምፃቸው ከሩቅ የሚሰማ ሽማግሌ። የማይለያቸው ቡናማ የሱፍ ኮፍያ ግን ራሳቸው ላይ አልነበረም። ለሐዘኑ ክብር አውልቀውት ይሆናል ብሎ አለፈው።

"ማን ነው ልጄ?" አሉት ትከሻውን ይዘው። "ማን ሞተብህ?"

ማንም አልሞተም ማለት ነበረበት። አፉ ላይ ደርሶም ነበር። ግን ማንም ካልሞተ የሚቀጥለው ጥያቄ "ታዲያ ምን ሆነህ ነው?" የሚል ነው፤ ለዚያ መልስ የለውም። ሥራ አለው። ጤና አለው። የበላው ይረጋለታል። ምን ጎድሎት ነው እንግዲህ አንድ ሙሉ ጎልማሳ ከአልጋው መነሳት የሚያቅተው? ያ ሁሉ ሰው ሥራውን ጥሎ፣ ነጠላውን አዘቅዝቆ፣ በሩ ላይ ቆሞ ይጠብቀዋል።

"አጎቴ" አለ። "ጋሼ ይልማ።"

ምላሱን ቢቆርጠው በወደደ። ጋሼ ይልማ አሳድጎታል። ምድር ላይ፣ ደሴ፣ በሙሉ ጤናው አለ። ግን ቃሉ ወጥቷል፤ እህል የሚበቅልበት የግሪን ሐውሱ ኃላፊ ወይዘሮ አስካለም ደረታቸውን መትተው "ወይኔ!" ብለዋል። ከዚያ በኋላ የሚመለስ ነገር አልነበረም።

ለቅሶው እንደ ደንቡ ሆነ። ድንኳኑ ተተከለ፤ ከግሪን ሐውሱ ስንዴና ሽምብራ መጥቶ ንፍሮ ተቀቀለ። ሰው በየፈረቃው እየመጣ አብሮት ተቀመጠ። ማንም ብዙ አላወራም። ውሃ ያቀርቡለታል፣ ጉረሮህን አርጥብ ይሉታል፣ አንድ ጉርሻ ካላጎረስንህ ይሉታል። ወንድይፍራው አለቀሰ። እያስመሰለ አልነበረም፤ ከየት እንደሚመጣ የማያውቀው እንባ ዱብ ዱብ ይላል። ካለቀሰ በኋላ ደግሞ ከስንት ጊዜ ወዲህ የእህል ጣዕም ተሰማው፣ እንቅልፍም ወሰደው። ይህ ነበር የባሰው። እየቀለለው ሄደ፣ በቀለለው ቁጥርም ኀፍረቱ አንገቱን አስደፋው። "አጎቱን እንዲህ የሚወድ አይቼ አላውቅም" ሲሉ ይሰማል። በቁሙ ገድሎት ነው እኮ የሚያለቅስለት! ሟርት መሆኑ ደግሞ አለ፤ አንድ ነገር ቢሆንስ? ይላል ለራሱ።

ከለቀስተኞቹ መካከል አንዷ፣ የከተማዋ የሥነ ልቦና አማካሪ ዶክተር ትርሲት፣ በየቀኑ መጥታ ጥግ ላይ ትቀመጣለች። ስለ ሟቹ አንድም ጥያቄ አልጠየቀችውም። ስትሄድ "እግዚአብሔር ያጥናህ" ትለውና አንድ አፍታ ታየዋለች፤ ያን ጊዜ ዓይኑን መሬት ላይ ይተክላል።

በሰልስቱ፣ ሰው ሁሉ ከተበተነ በኋላ፣ ጋሽ አጥናፉ ተመልሰው መጡ። በሩን ከኋላቸው ዘጉት።

"እድሩን ወክዬ የሟቹን ቤተሰብ ላጽናና ብዬ ደሴ ደወልኩ" አሉ። "ማን ቢያነሳው ጥሩ ነው?"

ወንድይፍራው ጨረቃ ተከፍታ ብትውጠው ተመኘ።

"ሟቹ! 'የአቶ ይልማን ነፍስ ይማር' ብል 'ይልማ እኮ እኔ ነኝ' አይሉኝ መሰለህ! በዚህ ዕድሜዬ እንዲህ ተዋርጄ አላውቅም። ላብ አጠመቀኝ።"

"ጋሽ አጥናፉ፣ እኔ..."

"ተው፤ ምክንያትህን አልጠየቅሁህም።" ከቁጣው ይልቅ ችኮላው አስገረመው። ሽማግሌው ምክንያቱን መስማት የፈሩ ይመስላሉ። "ይህ ነገር ከዚህች ክፍል አይወጣም። እሑድ የእድሩ ስብሰባ አለ። አድማጩ ተበላሽቶ ነው የጮኸው ትላለህ። አንተም ደንግጠህ፣ ምድር ላይ ያለ አጎትህ የሞተ መስሎህ ነው። አበቃ። ከዚያ የሁሉንም ቤት አድማጭ የመስማት ኃይል ዝቅ ታደርገዋለህ። እሪ ያለውን ብቻ ይስማ። ዝም ብሎ የተኛን ሰው ትንፋሽ መቁጠር ለመሣሪያ ምን አገባው?"

ወንድይፍራው ተንፈስ አለ። መውጫ ተሰጠው፤ ያውም በዳኛው በራሳቸው እጅ። "እሺ" አለ። ሽማግሌው ሲወጡ ግን አድማጩን ቀና ብለው አይተው በፍጥነት ዓይናቸውን መለሱ።

ጋሼ ይልማ ራሱ ደወለ። ነጭ ሪዙ ስክሪኑን ሞላው።

"ወንዴ! ገድለህኛል አሉ።"

"ጋሼ... ይቅር በለኝ።"

"ለመሆኑ ስንት ሰው መጣልኝ?"

"ሠፈሩ በሙሉ።"

"ጉድ ነው! እዚህ በእውነት ብሞት እንኳ ያን ያህል አይመጣልኝም።" ሳቀ። ከዚያ ሳቁን ተወና ወደ ስክሪኑ ጠጋ አለ። "ዳኛችሁ ግን የምሩን ነው ያለቀሰው ብለውኛል። እኔ ይኸው አለሁ። ለማን ነበር ታዲያ ያለቀስከው?"

"አላውቅም" አለ ወንድይፍራው። "ምንም አልጎደለብኝም ጋሼ። ግን ጠዋት መነሳት አቅቶኛል። ምግቡም ሰውም ሁሉም አንድ ዓይነት ሆኖብኛል። አንዳንድ ቀን ባልነቃ እላለሁ።" ይህን ለሰው ሲናገር የመጀመሪያው ነበር። ጆሮው ድረስ ጋለ።

ቃል ከጨረቃ ምድር ደርሶ እስኪመለስ ትንሽ ይቆያል፤ ጋሼ ይልማ ሪዙን እየዳበሰ ሰማው። "አንተ ልጅ" አለ፣ ድምፁ ተሰብሮ። "ሐኪም አላችሁ?"

"አለች።"

"ሂድና ይህንኑ ንገራት። አሁን እንደነገርከኝ፣ ሳታሳምረው።"

"አፍራለሁ ጋሼ።"

"እኔን ስትገድል ያላፈርክ!"

የዶክተር ትርሲት ክፍል ከጋራው የልብስ ማጠቢያ ቤት ፊት ለፊት ነው። ነጭ አምባ ውስጥ ልብሱን አብዝቶ የሚያጥብ ሰው ካያችሁ ንጽሕና ስለሚወድ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ወደ እሷ የሚሄድ ሁሉ አንሶላ ተሸክሞ ነው የሚወጣው። ሰው ካለ ማጠቢያው ጋ ይቆማል፤ መተላለፊያው ጭር ሲል ሹልክ ብሎ ይገባል። ወንድይፍራውም ታጥቦ የተጣጠፈ አንሶላ ታቅፎ ሄደ። ማጠቢያው ጋ አንድ በረዶ ቆራጭ ቆሟል፤ እሱም የታቀፈው አንሶላ ንጹሕ ነው። ሁለቱም ተያዩና ሁለቱም ስለ ሳሙና አወሩ። ሌላው ሰው ተሰናብቶ ሲሄድ ወንድይፍራው ገባ።

"አንሶላውን እዚያ ወንበር ላይ አስቀምጠው" አለችው ዶክተር ትርሲት። "እዚህ የማይመጣ አንሶላ የለም።"

ተቀመጠና መሬት መሬቱን አየ። አጎቴ አልሞተም አላት። አውቄያለሁ አለችው። በምን አወቅሽ ቢላት፣ "ሰው የሞተበት ሰው ስለ ሟቹ ያወራል" አለች። "እንዲህ ይል ነበር፣ እንዲህ ያደርግ ነበር ይላል። አንተ ሦስት ቀን ሙሉ አንድ ጊዜም ስሙን አላነሳህም።"

"እያወቅሽ ታዲያ ለምን መጣሽ?"

"ሰው ታሞ ሲያለቅስ አይቼ ቤቴ ልቀመጥ?"

ታሞ የሚለው ቃል ውስጡን ነካው። ስንፍና ነው ብሎ ነበር፤ ጥጋብ ነው፣ የእምነት ማነስ ነው ብሎ ነበር። እሷ ድባቴ አለችው። እንደ ጉንፋን ስሙን ጠርታ፣ ሳትፈራው። ያለ ምክንያት ሰው አይታመምም ያለው ማን ነው፣ ሳንባ ሲታመም ለምን ታመምክ ብለህ ትቆጣዋለህ ወይ አለችው። ከዚያ ባልነቃ የሚለው ሐሳብ ምን ያህል እንደሚመጣበት፣ ራሱን ሊጎዳ አስቦ እንደሆነ በግልጽ ጠየቀችው። እንዲህ በግልጽ መጠየቁ አስደነገጠውም፣ ገላገለውም። አላሰብኩም፣ መጥፋት ብቻ ነው የሚያምረኝ አላት። ያ ሐሳብ መልኩን ከቀየረ በማንኛውም ሰዓት በሬን አንኳኳ አለችው፣ ያለ አንሶላም ቢሆን።

"በለቅሶው ጊዜ ለምን የቀለለህ ይመስልሃል?" አለችው ሊወጣ ሲል።

"ስለዋሸሁ ነዋ። እንባዬ ምክንያት አገኘ።"

"ምናልባት። ወይም ደግሞ ሰው አብሮህ ስለተቀመጠ፣ ስለበላህ፣ ስላለቀስክ ይሆናል። ውሸቱን ብናወጣው ቀሪው ይሠራ እንደሆነ እንሞክረው።"

የሰጠችው ነገር ተአምር አልነበረም። ጠዋት ከአልጋ ወርዶ ፊትን መታጠብ፣ ሌላው ቢቀር ያን ብቻ። በቀን አንዴ ሰው ባለበት መብላት። በየሳምንቱ መመለስ። ያልተሳካለትን ቀን ደብቆ ሳይሆን ይዞ መምጣት። እየወጣ ሳለ አንሶላውን ረሳውና ተመልሶ ወሰደው።

የጋሽ አጥናፉ ትእዛዝ ግን አልቀረም። ወንድይፍራው የመፈተሻ መሣሪያውን ይዞ ከራሱ ቤት ጀመረ። አድማጩን ፈታ፣ ሰካ፣ አዳመጠ። አንድም እንከን የለበትም። አድማጩን ሐዘን ያስተማሩት ለቅሶ የገባባቸው ቤቶች ናቸው፤ ትንፋሻቸው እንዲሰማ የፈቀዱ ሰዎች። መሣሪያው የእሱን ትንፋሽ ከእነዚያ ትንፋሾች መለየት አልቻለም። ተሳስቶ አይደለም፤ ልዩነት ስለሌለው ነው። እያወቀ ዝቅ ሊያደርገው እጁን ሲሰድ፣ እሱን የመሰለ ሌላ ሰው በዚያ ግድግዳ ውስጥ ፊቱን አዙሮ ተጋድሞ ታየው። ተወውና ሌሎቹን ቤቶች ልይ ብሎ ወጣ።

ጋሽ አጥናፉ ቤት ሲደርስ ሽማግሌው በሩን በግማሽ ከፈቱለት። ብቻቸውን ናቸው፤ ልጆቻቸው ምድር ወርደዋል።

"የእኔ ደህና ነው፤ እለፈው" አሉ።

"አንድ ጊዜ ልየው ብቻ።"

ገባ። ቡናማው የሱፍ ኮፍያ ከበሩ በላይ ተሰቅሏል፤ አድማጩን ሙሉ በሙሉ ሸፍኖታል።

"አቧራ እንዳይገባበት ነው" አሉ ጋሽ አጥናፉ፣ ሳይጠየቁ።

ነጭ አምባ ውስጥ አቧራ የለም፤ አየሩ ሁሉ ተጣርቶ ነው የሚገባው። ወፍራም ሱፍ ግን ድምፅ ያፍናል። ወንድይፍራው ክፍሉን አየ። ያልታጠበው ሳህን፣ ተጀምሮ የተተወው ዳቦ፣ በአንድ ጎኑ ብቻ የጎደጎደው አልጋ። ያን አልጋ አወቀው። ጡረታ ከወጡ ወዲህ ያ ከሩቅ የሚሰማ ድምፅ እዚህ ክፍል ውስጥ ምን ያህል ጊዜ ተሰምቶ ይሆን? ሽማግሌው ፊታቸውን አዞሩ። ኮፍያውን ሳይነካ ወጣ።

እሑድ አዳራሹ ሞላ። ወንድይፍራው ተነስቶ ቆመ። ጋሽ አጥናፉ ከመድረኩ ወንበር ላይ ሆነው በዓይናቸው ቀጥል አሉት።

"አድማጩን ፈትሼዋለሁ" አለ። "አልተበላሸም። አጎቴም አልሞተም።"

አዳራሹ ተንጫጫ። እሱ ግን ካቆመ እንደማይጀምር አውቆ ቀጠለ። "ማንም ሳይሞትብኝ ነው የጮኸው። ታምሜ ነበር፤ ድባቴ ነው። ሐኪም ጋ እየሄድኩ ነው። አፍሬ ዋሸኋችሁ፤ ንፍሯችሁን በላሁ። አድማጩ ማን ሞተ ብሎ አይጠይቅም። ሬሳ ካላየን አናምንም የምንል እኛ ነን። ዝቅ አድርገው ተብያለሁ፤ እኔ ግን በዚህ እጄ አላደርገውም። ከፈለጋችሁ ሌላ ጠጋኝ ፈልጉ።"

ወይዘሮ አስካለ ብድግ አሉ። "እኔ ያን ሁሉ ደረቴን የመታሁት በሕይወት ላለ ሰው ነው? እንባዬን መልስልኝ!"

ጥቂት ሰዎች ሳቁ፤ ብዙዎቹ ተቆጡ። ወንድይፍራው አንገቱን ደፋ። ወይዘሮ አስካለ አልተቀመጡም፤ ነጠላቸውን እያስተካከሉ ቆዩ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "ለነገሩ" አሉ፣ "እኔም የአንተን አጎት መቼ አውቄ። የራሴን ነበር የማለቅሰው።" ተቀመጡ። ከዚያ በኋላ የሳቀ የለም።

ቅጣት ግን አልቀረለትም፤ እድር እድር ነው። ለዓመት ያህል በሚደርሰው ለቅሶ ሁሉ ድንኳን ተካዩ እሱ እንዲሆን ተወሰነ። አድማጮቹ ባሉበት ይቆዩ ተባለ። ጋሽ አጥናፉ ውሳኔውን ያነበቡት ቀና ሳይሉ ነው።

ወንድይፍራው አልዳነም፤ እየተሻለው ነው። ፊቱን የሚታጠብበት ቀን ከማይታጠብበት በዛ። አሁንም ወደ ዶክተር ትርሲት ሲሄድ ያፍራል፤ ግን አንሶላ ይዞ መሄዱን ትቷል። በባዶ እጁ በዚያ በር ሲገባ ማጠቢያው ጋ የቆሙት ዓይናቸውን ወደ ሳሙናው ይመልሳሉ።

አንድ ረፋድ ጡሩምባው ተነፋ። ወንድይፍራው የድንኳኑን ብረት ተሸክሞ ወይን ጠጁን ብርሃን ተከትሎ ሮጠ፤ ሰውም ከኋላው እየተጠራራ መጣ። መብራቱ የበራው ጋሽ አጥናፉ በር ላይ ነበር። በሩ ተዘግቶ ቆየ። ሲከፈት ሽማግሌው በፒጃማ ናቸው፣ ጢማቸው አድጓል፤ ያን ሁሉ ሕዝብ ሲያዩ ፊታቸው ደም ለበሰ። ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ። የሆነ ዘመድ ስም እየፈለጉ መሆኑን ወንድይፍራው ከማንም በፊት አወቀ።

ማን ሞተ ብሎ የጠየቀ ግን አልነበረም። ወይዘሮ አስካለ ንፍሮውን ይዘው በሽማግሌው አጠገብ አልፈው ገቡ።

"ማንም አልሞተም" አሉ ጋሽ አጥናፉ፣ በቀስታ።

"እናውቃለን" አለ ወንድይፍራው፣ የመጀመሪያውን ብረት እያቆመ። "ይቀመጡ ጋሽ አጥናፉ።"

ቀና ብሎ ከበሩ በላይ አየ። አድማጩ ባዶውን ተለጥፏል። ቡናማው ኮፍያ ሽማግሌው ራስ ላይ ነበር።